በሕይወት ያለውን አምበል ለቀበረው ኮሚቴ

ላስ ቬጋስ፣ ጁን 2006

ለተከበሩ አቶ መዝገቡ፣
የበረሃ ኮከብ እግር ኳስ ቡድን ኮሚቴ ሊቀመንበር

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ሄንደርሰን ኮረብታው ላይ ያለው የቤትዎ ኤሲ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ እታች ያለነው ከሙቀቱ በስተቀር ደህና ነን። ዘንድሮ ግን ደህና ነኝ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ በእርስዎ ቡድን ውስጥ ሰው መሞቱን የሚሰማው ከሱቅ በር ላይ ነውና።

እኔ በረኛው ወንድይራድ ነኝ። ከትምህርት ጋር አሥረኛ ክፍል ላይ ስለተለያየን የደብዳቤ ሥርዓት ባጎድል ይቅር ይበሉኝ። ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ኮሚቴው በቁጥር ካልሆነ አይገባውም ሲባል ሰምቻለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፍላየሩ እናመሰግናለን። አምበላችንን ጋሽ ቡርሃንን «አርጅቷል» ብለው ከጁላዩ ውድድር መቀነስዎ ሳያንስ፣ እሱን ሳይጠይቁ «የክብር ስንብት» አዘጋጁለት። እሰየው። ግን የመታወቂያ ፎቶውን በጥቁር ክፈፍ ከበው፣ ከሥሩ «የተከላካይ መስመራችን ደጀን የነበረው ቡርሃን ሁሌም በልባችን ይኖራል» ብለው ሐበሻ ሱቁ በር ላይ ሲለጥፉት ሰው ምን ይበል? እትዬ እናትነሽ ከአሊያንቴ ሰፈር ድረስ ድስት ሙሉ ምስር ወጥ ይዘው እያለቀሱ ቤቱ መጡ። በሩን የከፈተላቸው ሟቹ ራሱ ነው። ድስቱ ከእጃቸው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ከኋላቸው ደግሞ አብረውት የሚሠሩት የሆቴል ሾፌሮች ዩኒፎርማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ደረጃውን ሞልተውት ነበር።

ሁለተኛ፣ አገሩ ሁሉ «ይሄ የወንድይራድ ሥራ ነው» አለ። ባለፈው መኪናዎ ላይ «በአስቸኳይ ይሸጣል» ብዬ ስልክዎን ለጥፌ ስለተያዝኩ ስሜ ጠፍቷል። እትዬ እናትነሽ በድስቱ ክዳን ሊመቱኝ ሲሉ ነው ምዬ ተገዝቼ የተረፍኩት። በሙያዬ በለጡኝ፣ አቶ መዝገቡ፤ እኔ ለቀልድ እንኳ በቁሙ ያለ ሰው ቀብሬ አላውቅም።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ መቀለዱ አቃተኝ። ጋሽ ቡርሃን አልተቆጣም። ለቀስተኞቹን ቁጭ አድርጎ ምስር ወጡን አብሯቸው በላ፤ «በራሴ ለቅሶ ላይ ስበላ የመጀመሪያዬ ነው» ብሎም አሳቃቸው። ሲሄዱለት ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ «ወንዴ፣ እሁድ ለሞተ ሰው ምን ያደርግለታል? የሥራ ሺፍት ልግባበት» አለኝ። እርስዎ ይህ ላይገባዎ ይችላል። እሁድን ለኳስ ነፃ ለማድረግ ሌላው የሸሸውን ሺፍት ሁሉ ለዓመታት ተሸክሟል። አሁን ያንን የእሁድ ዕረፍቱን ለሌላ ሾፌር ሊለቅ ስሙን አስመዝግቧል። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፤ ከዓርብ ወዲያ እኔና እርስዎ አብረን ብንንበረከክም እሁዱ አይመለስም።

አራተኛ፣ በእሱ ቦታ ላስገቡልን የባለቤትዎ ወንድም ምስጋናችን የላቀ ነው። ልጁ እውነትም ፈጣን ነው። ችግሩ የሚሮጠው ወደ ፊት ብቻ መሆኑ ነው፤ ባለፈው እሁድ ኳስ ይዞ እንደሄደ እስካሁን እየጠበቅነው ነው።

ቁጥሩ አለቀብኝ፣ ነገሩ ግን አላለቀም። ጎል ሲገባብኝ ጋሽ ቡርሃን የሚያደርገውን አይተው ያውቃሉ? አይሳደብም። መረቡ ውስጥ ገብቶ ኳሱን ራሱ ያወጣል፣ እኔ ሰው ፊት እንዳልጎነበስ። ገና ጢም ሳላበቅል ወደ ቡድኑ ካመጣኝ ጀምሮ እንደዚያ ነው። ባለፈው እሁድ ራሴ ጎነበስኩ። ደጋግሜ ጎነበስኩ። የዚህ ከተማ ፀሐይ እንደዚያ አቃጥሎኝ አያውቅም።

ስለዚህ ቀልዱን ትቼ እለምንዎታለሁ። ከዓርብ በፊት ቤቱ ይሂዱ። ዋንጫም ሰርተፊኬትም አይያዙ። «ቡርሃን፣ መጫወት ትፈልጋለህ ወይ?» ብለው ይጠይቁት። እስከዛሬ አንድም ሰው አልጠየቀውም። በቃኝ ካለ በቃው፤ ግን ከራሱ አፍ ይሰማ። አለዚያ የጁላዩን ጎል እርስዎ ገብተው ይጠብቁልኝ፤ እኔ ከእንግዲህ ወገቤ አይችልም።

በሕይወት መኖሬን በገዛ ፊርማዬ እያረጋገጥኩ፣ ከመረቡ ሥር ሆኜ እጅ እነሣለሁ፤

በረኛዎ ወንድይራድ

ማስታወሻ፦ ፍላየሩን አውርጄዋለሁ። ቦታው ባዶ እንዳይሆን የእርስዎን ፎቶ በዚያው ጥቁር ክፈፍና በዚያው ቃል ለጥፌበታለሁ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እስካሁን ድስት ይዞ በርዎን ያንኳኳ ሰው ከሌለ፣ ይቺ እንኳ የኔ ጥፋት አይደለችም።