ከቦሌ ድሬ አንድ ሰዓት

ጭሮ፣ ጥር 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኔ በጌታ ቸርነት አለሁ። ሰሞኑን ስልኬን የማላነሳው ጠፍቶብኝ አይደለም፤ በስልክ የማይሆን ነገር ስላለኝ ነው። ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን ጋሽ ጀምበሩና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ኦልጅራ አዲስ አበባ ድረስ ያመጡልሃል። በማለዳ በርህን ቢያንኳኩ አትደንግጥ፤ ደብዳቤውን እስክትጨርስ አብረውህ ይቀመጣሉ።

ግን ተናድጃለሁ፣ ልናገር እንጂ! ተራ ሠራተኛ ሳለህ ለሥራ ድሬ የምትወርደው በአውቶቡስ ነበር። ደጃችን ወርደህ፣ ምሳህን በልተህ፣ እማዬ አገላብጣ ስማህ ትሸኝህ ነበር። ሹመቱ መጣና አውሮፕላን ለመድክ። ይኸው ስንት ጊዜህ፣ በጣራችን ላይ ታልፋለህ። ሰፈርተኛው ወንድምሽ አለፈ እያለ ሲያሾፍብኝ ምን ልበል?

ባለፈው ሐሙስ ደውዬ እማዬን አሟታል፣ ቶሎ ና ስልህ፣ ነገ ድሬ ስብሰባ አለኝ፣ ከዚያ ብቅ እላለሁ አልክ። ከድሬ እኛ ጋ ተራራውን ዞሮ ግማሽ ቀን መሆኑን ረሳኸው? አንተ የምታውቀው ከአየር ማረፊያ አየር ማረፊያ ያለውን ብቻ ነው። መሀል ያለነውስ? አሰቦትም፣ ቦርደዴም፣ ጭሮም ለአንተ ደመና ነን እንዴ!

ይባስ ብለህ እሷን አቅርቢልኝ አልክና፣ ከቦሌ ድሬ አንድ ሰዓት ነው፣ መጣሁ እማዬ አልካት። አማርኛዋን ታውቀው የለ? አንድ ሰዓት ላይ እደርሳለሁ ያልካት መሰላት። የጠዋቱ ይሁን የማታው ስላልነገርካት ሁለቱንም ጠበቀች። አንተ የምትወደውን የገብስና የቅቤ ጩኮ አሠራችኝ። ነጠላዋን ለብሳ፣ ትራስ ተደግፋ፣ በሩ እንዳይዘጋ አለች። ብርድ ነው ብላት፣ ልጄ መጥቶ ዝግ ያገኘዋል ብላ ተቆጣችኝ። አውሮፕላን በሰማች ቁጥር ኮቱ ትላለች፣ ና ማለቷ ነው። አንተ ግን ስብሰባው ረዘመብኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት መጣሁ ብለህ በዚያው በሰማይ ተመልሰህ ገባህ። ይህን ስነግራት ወንድምሽን አትሚው አለችኝ። እርር አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ሆነ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሆኗል እማዬ አልኳት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም።

አሁን አትቸኩል ወንድሜ። አውሮፕላኑም ይቅር፤ ከእነ ጋሽ ጀምበሩ ጋር በመኪና ና፣ ብቻህን አትሁን። ግቢው ሰው ሞልቶታል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወንበሩን አምጥቶልናል። ጩኮህን አስቀምጬልሃለሁ፣ አይበላሽም። በሩንም አልዘጋሁትም። ልዘጋው ተነሳሁና እጄ እምቢ አለኝ።

ጌታ መንገድህን ያቅናልህ፣ ጉልበትህን ያጽናልህ። ተናድጄብሃለሁ፤ ግን ካንተ በቀር አሁን ማን አለኝ? ብቻ ከእንግዲህ መጣሁ አትበለኝ። ዝም ብለህ ና።

ታላቅ እህትህ