የዛሩችዬ ደፍ

ኦክቶበር 3፣ 1966
ስምንተኛ ክፍል። ያው የጎርፉ ግጥም፣ ያው የንጉሥ ሐውልት፣ ያው እጮኛውን ከነቤቷ ውሃ ወስዶበት፣ አብዶ ደፏ ላይ የሞተው ድሃ ጸሐፊ... ሳስተምረው አስራ ዘጠነኛ ዓመቴ። ቁልፍ ቃላቱን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦ ጎርፍ፣ ሐውልት፣ ደፍ፣ እብደት። ጭብጡን በቀይ ጠመኔ፦ «ለአገር ታላቅነት ሲባል የአንድ ሰው ሐዘን ከቁጥር አይገባም።» ልጆቹ ገለበጡ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ገልብጬዋለሁ። ጉልበቴን አሞኛል። ድንች ቀቅዬ በልቼ ተኛሁ።

ኦክቶበር 6
ደብተር አረምኩ። ኡሊያና ሽቹኪና «ደፍ» ለሚለው ምን ብትጽፍ ጥሩ ነው? «ውሃው መንደራችንን ሊውጥ ሲል አያቴ ተቀምጦበት አልነሳም ያለው የበር እንጨት። ሁለት ሰው ተሸክሞ አነሳው።» ጭብጡ ላይ ደግሞ፦ «ሰውየው አላበደም። የጠፋበትን ቤት ነው የሚፈልገው።»
ከአምስት ሁለት ሰጠኋት። ከርዕስ የወጣ ብዬ። ግድቡ ተሠርቶ ዛሩችዬ ውሃ ውስጥ ስትገባ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ምን ታውቃለች? እኔስ... የዛው መንደር ሰው አይደለሁም እንዴ?

ኦክቶበር 8
ርዕሰ መምህሩ ኔስቶር ኩዝሚች ጠራኝ። ሐሙስ ከክልል ተቆጣጣሪ ይመጣል። በዚህ ሁለት ነጥቧ ኡሊያና መምህራን ማሰልጠኛ እንደማትገባ ነገረኝ፤ እኔ የማላውቅ ይመስል። ልጅቷን አስቀርቼ እንደ ሰሌዳው አድርገሽ ጻፊው አልኳት። ደብተሯን ተቀበለችኝ።
«እሺ፣ ክላቭዲያ ዛሃሮቭና። ግን እርስዎም እንደዚያ ነው የሚያስቡት?»
ደወሉ ገላገለኝ።

ኦክቶበር 9
እሑድ። ምድጃው ያጨሳል። ይሄ ቤት ከዛሩችዬ ፈርሶ ሲመጣ ግንዶቹ ላይ አንድ በአንድ ቁጥር ተጽፎ ነበር። ዝናብ አጠበውና ሲገጠም ተዘበራረቀ፤ ድሮ መንገድ ያይ የነበረው መስኮት አሁን የጎረቤት ላም በረት ያያል። እናቴ ሌላው ይቅር፣ ደፉን ብቻ እንዳትረሱ ብላ ለምና ነበር። አባቷ የጠረበው ነው። በስብሷል ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። እኔ የተማርኩት...
አዲሱ ደፍ ዝቅ ያለ ነው። እናቴ እስክትሞት ድረስ በአሮጌው ልክ እግሯን ከፍ እያደረገች ነው የገባችው። እስቅባት ነበር። ምነው ባልሳቅኩ።

ኦክቶበር 13
ተቆጣጣሪው መጣ። ወፍራም፣ ጨዋ ሰው። ኡሊያናን ራሱ አስነሳት። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ጭብጡን ቃል በቃል አነበነበችው። አምስት ይገባታል አለ። መዝገቡ ላይ በቀለም ጻፍኩት፤ ከእንግዲህ አይፋቅም። ከዚያ የምጨምረው እንዳለ ጠየቀኝ። ለወጉ ያህል ነው።
«ያ እኔ ያስጠናኋት ነው» አልኩ። «እኔ ራሴ አላምንበትም። ሰውየው አላበደም። የጠፋበትን ቤት ነው የሚፈልገው።»
ኔስቶር ኩዝሚችን ሳል ያዘው። ተቆጣጣሪው ብዙ ጻፈ። ኡሊያና ቀና ብላ አየችኝ።

ኦክቶበር 20
ስምንተኛ ክፍልን ወሰዱብኝ። ቤተ መጻሕፍት ተመደብኩ፤ ብርድ አለው። የኡሊያና አምስት ግን እንዳለ ነው፤ ሄጄ መዝገቡን አየሁ። ደክሞኛል... ግን እንደ ወትሮው አይደለም።
አናጢውን ሲዶርን ጠርቼ ደፉን ቀይርልኝ አልኩት። ከፍታውን በእጄ አሳየሁት፣ እናቴ እግሯን ታነሳ በነበረው ልክ።
«ይሄማ ይጥልዎታል» አለኝ።
«ይጣለኝ» አልኩት።