ወንድሜ እግሬን ያየ ለት

ገዳሪፍ፣ እሑድ፣ ጥር ፲፬

ባንዱን ያቋቋምሁት እኔ ነኝ። አኮርዲዮን ብቻዬን ተምሬ፣ ታናሽ ወንድሜን ካሳን ድራም አስተማርሁት። ሚስቴ ዘፈነች። የገዳሪፍና የከሰላ ሐበሻ ያለእኛ አይዳርም ነበር። ጣቶቼ አልታዘዝ ሲሉኝ ካሳ ባንዱን ወሰደ። ዛሬ ሠርግ ላይ ማይክ ይዞ «ይህን ባንድ የመሠረትሁት እኔ ነኝ» አለ። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ!

ሙሽሮቹ ለዳንስ ተነሡ። ካሳ ከጥንትም ምቱን የሚይዘው እግሬን አይቶ ነው። አሁንም ሳያስበው ዓይኑ ወደ ጫማዬ ወረደ። ቀስ ላለው ዳንስ እግሬን እንደ እስክስታ አፈጠንሁት። ተከተለኝ። ኪቦርዱ ሌላ፣ ድራሙ ሌላ ሆነ። ሙሽራው የሙሽሪትን ቀሚስ ረገጠ። ሰዉ «ኻላስ! ይብቃችሁ!» እያለ ሳቀበት።

ሲያበቃ ላቡን እየጠረገ መጣ።

«ጋሼ፣ በሰው ፊት?»

«መሥራቹ አንተ አይደለህ? ታዲያ የእኔን እግር ምን ብለህ ታያለህ?»

ሚስቴ ግን «ሙሽሪት ምን በደለችህ?» አለችኝ። እሷ ምንም አልበደለችኝም።

በሚቀጥለው እሑድ እነካሳ ባሱንዳ ከተማ ሠርግ ላይ ይጫወታሉ። የፊት ወንበር እንዲያዝልኝ ልኬያለሁ።