የደበላ ምንጭ

ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ለምወድሽና ለናፈቅሁሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? የጥር ብርድ ካለፈ ወዲህ ቀለል ብሎሽ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ወንድሜ ባጫስ ደህና ነው? ላሚቱስ ወለደች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው። አክስቴ ዋጋነሽም ጥርሷን አሟት ሰንብቶ አሁን ተሽሏታል፤ ሰላም በይልኝ ብላለች።

እማዬ፣ ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ እትዬ ሰብሪያ ናት። ሰፈራችን ቅቤ ትነግዳለች። በጾሙ ቅቤ ስለረከሰ ቅዳሜ ቅዳሜ እናንተ ገበያ ትመጣለች። ማንበብ የተማረችው በፊደል ሠራዊት የማታ ትምህርት ስለሆነ ቀስ ብላ ነው የምታነበው፤ ታገሻት። እንደ ወትሮው መሪጌታ ተክለማርያም እንዲያነብልሽ ያላደረግሁበት ምክንያት አለኝ፤ ኋላ ይገባሻል። ቤት ግቡና በሩን ዝጉት። ባጫም ተቀምጦ ይስማ፤ ግን ሳይጨርስ እንዳይነሣ ያዥልኝ።

ፊት ለፊትሽ ብሆን ይህን መናገር አልችልም ነበር። ሰው ሲያየኝ አፌ እንደሚያዝ ታውቂያለሽ። ወረቀት አያየኝም፤ ስለዚህ ሁሉንም እጽፋለሁ።

በጥር ወር በላንድሮቨር ይዣቸው የመጣሁትን ፈረንጆች አትረሻቸውም። በባለመሬቱ ጌታችን በቀኛዝማች ሰብስቤ ግቢ ውስጥ ያለውን ትንሹን ቤት ተከራይተው የሚኖሩት፣ አክስቴ ወጥ ቤት የምትሠራላቸው ናቸው። ባልየው ሚስተር ሄንሪክ ሙያ ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ሚስቱ ማዳም ኢንገር ትባላለች። አገራቸው ዴንማርክ ነው። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ዕቃ አጥባለሁ፤ በዚያችው በስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ አስተረጉማለሁ።

ያኔ ለምን እንደመጡ አልነገርሁሽም። እነዚህ ሰዎች አንድ ክርክር አላቸው፤ ከተማ ይሻላል ወይስ ገጠር የሚል። ሚስተር ሄንሪክ ኮልፌ አልሆነችለትም። የአምቦ መንገድ ካሚዮኖች አቧራ ዳቦው ላይ ያርፋል። ጎሕ ሳይቀድ የፈጥኖ ደራሹ ፖሊስ መለከት ይቀሰቅሰዋል። በወጣ ቁጥር ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ይከተሉታል። በአገሩም ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ከሚኖርበት ፎቅ ሸሽቶ ነው አሉ የመጣው፤ የሚመኘው አንድ ትንሽ ቤት፣ ውሃ፣ ጥቂት ዶሮና ጸጥታ ነው። እሷ ደግሞ ሐኪም የለም፣ ክረምት መንገዱ ይዘጋል፣ ማን ያናግረኛል ትላለች። ስለዚህ አንድ ትልቅ ወረቀት መሐሉ ላይ አስምረው ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፉ። በግራ ከተማ፣ በቀኝ ገጠር። ነገር በመጣላቸው ቁጥር እየተነሡ ይጽፉበታል።

አክስቴ በሳቅ ሞተች። «ኑሮን እንደ ቅቤ በሚዛን! ገጠር ጸጥታ አለ ይልልኛል፤ ጅቡ ደጃፉ መጥቶ ሲያላግጥበት ያገኘዋል ጸጥታውን። ለመሆኑ ቁንጫዋን በየትኛው በኩል ጻፏት?» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ።

አንድ ቀን ግን ማዳም ኢንገር ስለ አገሬ ጠየቀችኝ። እማዬ፣ እኔን ማን ጠይቆኝ ያውቃል? ክፍል ውስጥ እንኳ መምህሩ ስሜን ይረሳዋል። እሷ ግን እርሳሷን ይዛ አፍ አፌን ታየኝ ጀመር። ውሃው ከቋጥኙ ሥር እንዴት እንደሚወጣ፣ ጠዋት ጠዋት እንደሚሞቅ፣ እኩለ ቀን ላይ ከንቦቹ በቀር ምንም እንደማይሰማ፣ ገብሱ ሲያሸት ነፋሱ ምን እንደሚያደርገው ነገርኋት። ሁሉንም በቀኝ በኩል ጻፈችው። የገጠሩ ጎን በእኔ ቃል ሞላ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም። ስለ ቁንጫዋ፣ ስለ ሲሶው፣ ስለ ቀኛዝማች ምስለኔ ስለ አቶ ገብረማርያም አለንጋ ግን ምንም አልተናገርሁም።

ኃጢአቴ አሁን ነው የሚመጣው።

በጥር ይዣቸው በመጣሁበት እሑድ እርጎ አቀረብሽላቸው። ከዚያ ሚስተር ሄንሪክ ምንጩ ዳር ቆሞ «ይህ መሬት የማን ነው ብለሽ እናትሽን ጠይቂልኝ» አለኝ። አንቺም «የጌታ ነው በይው፤ እኛ ጭሰኞች ነን። ካመረትነው ሲሶውን እንሰጣለን፤ ውጡ ያሉን ቀን እንወጣለን» አልሽኝ። ቃልሽ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ማዳም ኢንገር ግን መንገድ ላይ ስለ አያቷ እርሻ፣ ራሱ ስለካበው የድንጋይ አጥር ስታወራኝ ነበር የመጣችው። እንደ እኩያዋ ፈገግ ብላ ታየኛለች። ጭሰኛ ነን ማለት አሳፈረኝ። «የእኛ ነው» አልሁት። «ከቅድመ አያቴ ከደበላ ጀምሮ የእኛ ነው፤ ምንጩም የደበላ ምንጭ ይባላል» አልሁት። አንቺ ያልሽውን የተናገርሁ መስሎሽ ራስሽን ነቀነቅሽ። እሱም ባርኔጣውን አውልቆ እጅሽን ጨበጠሽ። ስንለያይ «ይህ ሰው ምነው እንዲህ አከበረኝ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ባለርስት መስለሽው ነው፣ እማዬ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ቀኛዝማች የሚያፈሰውን ጣራ ሊያዩ ወደ ፈረንጆቹ ቤት መጡ። ሚስተር ሄንሪክ አስቀምጧቸው መጠጥ ቀዳላቸውና እኔን ጠርቶ አስተርጉሚ አለኝ። ቦታ እንዳገኙ፣ ባለቤቷ አንዲት ደግ ሴት እንደሆነች፣ አንድ ጥግ እንድትሸጥላቸው ሊጠይቋት እንዳሰቡ ተናገረ። «ምናልባት ቤቱን ሊለቁ ይችላሉ» ብዬ ብቻ ተረጎምሁ። እሱ ግን ከገበያ የለቀማት አማርኛ ነበረችውና በጣቱ እኔን እያሳየ «የሷ እናት መሬት! ደበላ ምንጭ! በጣም ጥሩ!» አላቸው።

ቀኛዝማች ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ከዚያ የኋላ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። «እሰይ! ለካ ከባለርስት ልጅ ጋር ነው አንድ ግቢ የምንኖረው! አክስትሽስ፣ ወጥ የምትሠራው ለጨዋታ ነዋ?» አሉኝ። ሚስተር ሄንሪክም ምኑ እንደሚያስቅ ሳያውቅ አብሯቸው ሳቀ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የደበላ ምንጭ ያለሽ ማነው?» አሉኝ። ሁሉም እንዲህ ይለዋል አልሁ። «ሁሉም ማለት እነማን?» ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፤ የማንንም ስም አልጠራሁም። «መሬት ላራሹ የሚሉት ዘፈን እናንተ ትምህርት ቤትም ገባ ማለት ነው» ብለው ተነሡ። ጣራውን ሳያዩት ሄዱ።

አክስቴ ስትሰማ ፊቷ ዐመድ መሰለ። «ምላስሽን በቆረጠው! ዝምተኛ ናት ሲሉኝ ፈጣሪን አመሰግን ነበር፤ ለካ ቃል የምታጠራቅሚው ለዚህ ኖሯል» አለችኝ። እውነቷን ነው።

በማግስቱ ለማዳም ኢንገር ሁሉንም ነገርኋት። አለቀሰች፤ አቀፈችኝ። ባሌ ቀኛዝማችን ያነጋግራቸዋል አለችኝ። ሚስተር ሄንሪክ ግን ብዙ አሰበና እኛ በአገራችሁ እንግዶች ነን፣ በእንዲህ ያለ ነገር ብንገባ ለእናንተም ይብሳል አለ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ስለ ገጠር ማውራት ተዉ። ማዳም ኢንገር ፀንሳለች፤ ሐኪም ስለሚያስፈልጋት ወደ ጦር ኃይሎች አካባቢ ቤት ተከራይተዋል፤ በሰኔ ይገባሉ። ያን ወረቀት ከግድግዳው አንሥተው አክስቴ እሳት አቀጣጠለችበት። ለእነሱ ነገሩ በዚህ አለቀ። አክስቴም «እሰይ፣ ፈረንጁ ከቀረ ነገሩም ይቀራል» ብላ ነበር።

አልቀረም።

ማክሰኞ ዕለት ቀኛዝማች ወደ ትልቁ ቤት አስጠሩኝ። አቶ ገብረማርያም ከእናንተ ዘንድ መጥቶ እዚያው ተቀምጧል። ጸሐፊያቸውን ዓይኑን ስላመመው «የአንቺ ጽሕፈት እንደ ማተሚያ ነው ይላሉ፤ እስቲ ይህን ገልብጪልኝ» ብለው የተሰረዘ የተደለዘ ወረቀት ሰጡኝ። ፈራሁ፤ ግን መመስገኔ ደስ አለኝ። ይህንንም ልደብቅሽ አልፈልግም። ፊደሉ እንዲያምር ብቻ እየተጠነቀቅሁ፣ ምን እንደሚል ሳላስተውል ግማሽ ገጽ ሄድሁ። ከዚያ የአባዬን ስም ጻፍሁ። «የሟች» የሚል ከፊቱ አለ። ቀና ብዬ ከመጀመሪያው አነበብሁት።

እንዲህ ይላል፦ እኔ የጣት ፊርማዬ ከዚህ በታች የሚገኘው፣ እኔም ባሌም የባሌም አባቶች በዚህ መሬት ላይ ርስት ኖሮን አያውቅም፤ ከቀኛዝማች አባት በምጽዋት የተጠጋን ነን፤ ከግንቦት መባቻ በፊት ከነልጄ ያለ ክርክር ለቅቄ እወጣለሁ።

እጄ መንቀሳቀሱን አላቆመም፣ እማዬ። እምቢ ማለት የአፍ ሥራ እንጂ የእጅ አይደለም፤ አፌም እምቢ አላለም። አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ወሰኑን ስጽፍ የእሳቸው ወረቀት «በምሥራቅ የጌታ ምንጭ» ይል ነበር። እኔ ለምዶብኝ «የደበላ ምንጭ» ብዬ ጻፍሁ። ቀኛዝማች እዚያ ሲደርሱ ማንበባቸውን አቆሙ። ወረቀቱን ቀደዱትና፣ ቀድደውም አልበቃቸው ብሎ ብጥስጣሹን ኪሳቸው ከትተው እንደ አዲስ አስጻፉኝ።

ስጽፍ ያወሩ ነበር። ዝም ስለምል ሰው እኔ ያለሁበትን ክፍል ባዶ ይመስለዋል። ቀኛዝማች «ፈረንጅ የጎመጀውን መሬት ለጭሰኛ ትቼ ሞኝ ልባል? ነገ ሌላ ገዢ ይመጣል» አሉ። አቶ ገብረማርያም ደግሞ ሴትዮዋ በደህና እንደማትፈርም ያውቃል። «ከልጅሽ ደብዳቤ መጣልሽ፤ መድረሱን ለማወቅ እዚህች ላይ ጣትሽን አሳርፊ እላታለሁ» አለ። «መሪጌታንም ጽሕፈቱ የልጇ ነው ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ። የእሷ ነው ይላል፤ ቄስ አይዋሽ!» ብሎ ጭኑን እየመታ ሳቀ። መሪጌታ ነገሩን ይወቅ አይወቅ እኔ አላውቅም። ግን ከአቶ ገብረማርያም ማዕድ የሚቀርበት ቀን የለም።

አቶ ገብረማርያም ሰኞ ከዚህ ይነሣል። ስለዚህ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ደጃፍሽ ይደርሳል። ፈገግ ብሎ ነው የሚመጣው። የቀለሙን ቆርቆሮ በኪሱ ይዟል። በምንም ወረቀት ላይ ጣትሽን እንዳታሳርፊ። ካስገደደሽ ጮኸሽ ጎረቤት ጥሪ፤ ሰው ባለበት አይደፍርም። ባጫዬ፣ አንተ ደግሞ በእናትህ ሞት፣ ዱላህን እንዳታነሣ። የሚፈልገው ያንን ነው፤ አንተ ከታሰርህ እማዬ ብቻዋን ትቀራለች።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ትንሽ ሳለሁ ምንጩ ለምን በደበላ ስም ተጠራ ብዬሽ አፌን በእጅሽ ከድነሽ ግራ ቀኙን አይተሽ ነበር። የተቆጣሽኝ መስሎኝ ሁለተኛ አልጠየቅሁሽም። ለፈረንጁ ያን ስናገር የዋሸሁ መስሎኝ ይኸው እስከ ዛሬ እሳቀቃለሁ። ግን የቀኛዝማች እጅ ብጥስጣሹን ሲለቅም አየሁት። ሰው ውሸትን እንዲህ ይፈራል ወይ? መልሱን በወረቀት እንዳትልኪብኝ። ይልቅ ምንጩን በስሙ የሚጠሩ ሽማግሌዎች ሳይሞቱ ስማቸውን ለባጫ ቁጠሪለት፤ ምስክር ይሆናሉ።

ስለ እኔ አታስቢ። ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት አልሄድም። ቀኛዝማች ለጽሕፈት እፈልግሻለሁ ብለው ከትልቁ ቤት ኋላ ያለችውን ክፍል ሰጥተውኛል። በሯ ጥሩ ነው፤ ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው። አክስቴ ምግብ ታመጣልኛለች። አንዳንድ ደብዳቤ እንደሚያስጽፉኝ ነግረውኛል፤ ለማን እንደሆነ አልነገሩኝም።

እማዬ፣ የበደልሁሽን በሆድሽ አታኑሪብኝ። ጠዋት ደጁን ስትከፍቺ የምታወጪውን ምርቃት አንድ ጊዜ ወደ ኮልፌ ዞረሽ በዪልኝ፤ ይደርሰኛል። ፈጣሪ ጎጆሽን ያጽናልሽ፣ ደጃፍሽ ክፉ እግር አይርገጠው፣ የዘራሽውን ራስሽ እጨጂው።

ይህን አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን ለእትዬ ሰብሪያ መልሺላት፤ መንገድ ላይ ታቃጥለዋለች። የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው። ከዛሬ ወዲያ በእኔ እጅ የተጻፈ ደብዳቤ ቢመጣልሽ፣ እናቴ ሆይ ብሎ ቢጀምር፣ ናፍቄሻለሁ ቢልሽ እንኳ፣ የእኔ ነው ብለሽ እንዳታምኚው።

የምትወድሽ ልጅሽ