ግራው ጥግ

ቅዳሜ፣ ጥር 13 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር

ጥምቀትን ካሳለፍኩበት ከደብረ ማርቆስ ድረስ አቧራ እየቃምኩ የመጣሁት ለዚህ ኖሯል።

ጌታሁን ጣና ላይ፣ የአጎቱ ሞተር ጀልባ ከኋላዋ በምታስነሳው ማዕበል፣ ሳንቃ ላይ ቆሞ ይንሸራተታል። ማዕበሉ ቶሎ እየፈረሰ ሲጥለው መላውን ያገኘሁለት እኔ ነኝ። አሸዋ የሞሉ ጆንያዎች ከኋላ፣ ግራ ጥግ ላይ ስንደረድር ጀልባዋ ዘመም አለች፤ ማዕበሉም በግራ በኩል እንደ አጥር ቆመ። "ከጥምቀት በኋላ ሳንቃው ላይ የመውጣት ተራው ያንተ ነው" ብሎኝ ነበር።

ዛሬ ስደርስ እዚሁ ባሕር ዳር ሁለታችንም የምናስተምርበትን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ጋብዞ ጠበቀኝ። ጆንያዎቹን ሐይቁ ዳር ትቷቸዋል፤ የእንግዳውን ልብስ እንዳያበላሹ ነው አለ። በውፍረቴ ተማምኖ እኔን ግራ ጥግ ላይ አስቀመጠኝ።

"ይህን ዘዴ ማን አገኘው?" አሉ ዳይሬክተሩ።

"እኔው ነኝ፣ ጌታዬ" አለ ጌታሁን።

"ታዲያ እሱን ለምን እዚያ ጎለትከው?"

"እሱማ ለክብደት ነው፤ በጆንያው ፈንታ።"

ዳይሬክተሩ ሳቁ። ነጂው ሞተሩን አስነሳ፤ ጌታሁን ሳንቃው ላይ ወጣ። ማዕበሉ እንደ ዛሬ አምሮ አያውቅም። ብድግ ብዬ ወደ ቀኝ ብሻገር ኖሮ ወዲያው ፈርሶ ይጥለው ነበር። እኔ ግን ልክ እንደ ጆንያው፣ ሳልነቃነቅ ተቀመጥኩለት።