የክፍል ጓደኛዬ ማሪሴላ

ብሩክ ሂል፣ ነብራስካ
እሑድ፣ ሜይ 26 ቀን 2019

ውድ ልጄ ኬንት፤

እንዴት ነህልኝ? የልጅ ልጄ ኖኤሚስ እንዴት ናት? ጥርሷ ወለቀ ወይስ ገና እየነቀነቀችው ነው? ማሪሴላስ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል። ባለፈው ሳምንት በረዶ ወርዶ የጎረቤታችንን በቆሎ መሬት ላይ አነጠፈው፤ ገና የጣት ቁመት ስለሆነ ይነሳል እያሉ ይጽናናሉ። ውሻህ ጆሮው ጨርሶ ደንቁሯል። ጮኼ ስጠራው ዞር አይልም፤ ማቀዝቀዣው ሲከፈት ግን ከጓሮ ድረስ ይሰማል፣ ሌባ!

አሁን በስልክ የማልነግርህን ነገር ልጽፍልህ ነው። ለገናና ለልደቴ ትደውላለህ፤ ስለ አየሩ ትጠይቀኛለህ፤ እነግርሃለሁ፤ አራት ደቂቃ ሳይሞላ «በይ እንግዲህ እማዬ» ትላለህ። ይህ በአራት ደቂቃ የሚነገር አይደለም።

ይኸውልህ፤ አራት ዓመት ሙሉ ስፓኒሽ ስማር ቆይቻለሁ። እዚሁ በምሠራበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከልጆቹ ጋር፣ ደብተር ይዤ። ሳቅ፤ ስቀህ ስትጨርስ ቀጥል። የምማረው ሚስትህን ማሪሴላን ለማነጋገር ነው። ይቅርታ ልጠይቃት እፈልጋለሁ፤ በራሷ ቋንቋ፣ በራሴ አፍ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ብወድቅ ሰው እንዳይሰማብኝ ነው።

በዚያ በምስጋና ቀን ያልኩትን አልረሳሁትም። አንተም እንዳልረሳኸው አውቃለሁ። ዘመድ ሁሉ ገበታ ላይ ተቀምጧል፤ ማሪሴላ ኖኤሚን ጭኗ ላይ አድርጋ በቀስታ ትዘፍንላታለች፤ እኔ ዐይኔን በጨው አጥቤ «በእኔ ቤት ሰው በሚገባው ቋንቋ ነው የሚወራው» አልኩ። ማንም አላስተረጎመላትም። ማስተርጎም አላስፈለጋትም፤ ፊቴን አይታ ገባት። ልጇን ታቅፋ ወጣች፤ አንተም ሻንጣውን ተሸክመህ ተከተልካት። በጃንዋሪ ኢኳዶር ገባችሁ።

በቀጣዩ ኦገስት ርዕሰ መምህሩ ዴል ቢሮ ገባሁ። ዴልን ታውቀዋለህ፤ ካንተ ሁለት ክፍል ይበልጥ ነበር። ዛሬ ክራባት ያስራል እንጂ ለእኔ አሁንም ሁለተኛ ሰሃን የቺሊ ወጥ ሊለምን መስኮቴ ሥር የሚቆመው ልጅ ነው።

«እትዬ አርዲስ፣ እርስዎ እኮ የወጥ ቤት ኃላፊ ነዎት። ተማሪ አይደሉም» አለኝ።

«አንተስ ርዕሰ መምህር ሆነህ ነው የተወለድከው?»

ሳቀ። ከሳቀ ደግሞ አለቀለት። ምሳ ካበላሁ በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ እንድገባ ፈቀደልኝ፤ ፈተናውን እንደ ሁሉም እንደምፈተን፣ ወጥ ቤቱንም አንድ ደቂቃ ቀድሜ ልዘጋ እንደማልችል ነገረኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

የመጀመሪያውን ደረጃ ወደቅኩ። አርባ አንድ ከመቶ! ልጆቹ ወረቀታቸውን ሳይመለከቱ ይመልሳሉ፤ የእኔ ምላስ ግን ተሳስሮ ይቀራል። አስተማሪያችን የኡልሪኮች ልጅ ናት፤ ያቺ ጥርሷ ላይ ሽቦ የነበራት፣ ዛሬ በስፓኒሹ ወግ ሴኞራ ኡልሪክ ነው የምንላት። ከክፍል በኋላ አስቀረችኝና በደግነት «እትዬ አርዲስ፣ በዚህ ዕድሜ አዲስ ቋንቋ ይከብዳል፤ ማንም አይፈርድብዎትም» አለችኝ።

«እኔው እፈርዳለሁ» አልኳት። «የትምህርት ቤቱ ዕረፍት ካለቀ በኋላ እመጣለሁ።»

መጣሁም። ከአሥራ አራት ዓመት ልጆች ጋር እንደገና ከሀ ጀመርኩ። የወደቀ ተማሪ የሚሰማውን ያን ጊዜ አወቅኩት፤ አንተ ሂሳብ የወደቅክ ጊዜ ለምን ያን ያህል እንደጮህኩብህ እንጃ።

እንግዲህ ልማዱን ታውቀዋለህ። የመጀመሪያው ቀን የስፓኒሽ ስሞች የተጻፉበት ወረቀት ይዞራል፤ ሁሉም ለዓመቱ የሚጠራበትን ይመርጣል። አንተ በጊዜህ ኢግናሲዮ ነበርክ፤ ሳምንት ሙሉ እቤት ውስጥ በሌላ ስም አልጠራም ብለህ አስቸግረኸን ነበር። እኔ ኮንሱዌሎን መረጥኩ፤ ከዝርዝሩ ላይ ሳልደናቀፍ ልጠራው የቻልኩት እሱን ነበር። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ብሪን ከርነር ትባላለች፤ የዚያ የአሳማ አርቢው ልጅ፣ ፀጉሯ እንደ ገለባ ነጭ። በስም ፊደል ተራ ስለሚያስቀምጡን ከርነርና ኩቼራ ጎን ለጎን ወደቅን። ወረቀቱ ደረሳት፤ በጣቷ ወደ ታች ወደ ታች ሄደችና «ይሄ ደስ ይላል» አለች። ከዚያ ጮክ ብላ «እኔ ማሪሴላ ነኝ!»

ክው አልኩ።

ምን ልበል? ስሙን ቀይሪ ልበላት? ዓመቱን ሙሉ ከእሷ ጋር ነው የተለማመድኩት። እንዴት አደርሽ ማሪሴላ፣ ቤተ መጻሕፍቱ የት ነው ማሪሴላ፣ ይህ ቀይ ሹራብ ያንቺ ነው ማሪሴላ። ኬንት፣ ሚስትህ ቤቴ በተቀመጠችባቸው አሥራ አንድ ቀናት ስሟን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራሁም። ልብ ብለህ ይሆናል። «እሷ ትብላ፣ እሷ ትተኛ» ነበር የምለው። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን በቀን ሃያ ጊዜ ጠራሁት። አፌ ለመደው፤ ከዚያም ወደደው።

ብሪን ደግሞ ተረበኛ ናት። በእንግሊዝኛ «እርስዎ» እያለች የምታከብረኝ ልጅ በስፓኒሽ አንቺ ትለኛለች፤ ኮንሱዌሎ የክፍል ጓደኛዋ ናታ! የመጀመሪያውን አልፌ ሁለተኛው ደረጃ ስገባ ክፍሉ ወደ ጠዋት ዞረብኝ። የቀረፋ ዳቦ የሚጋገርበት ሰዓት ነው። ዴል «እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ይቅርብዎት» ቢለኝ ፍንክች አላልኩም። ዶሮ ሳይጮህ እየመጣሁ ሊጡን አቦክቼ፣ ጋግሬ፣ እጄን ታጥቤ ክፍል እገባ ነበር። ብሪን አፍንጫዋን ከፍ አድርጋ ታሸታለች።

«ኮንሱዌሎ፣ ዛሬ የቀረፋ ዳቦ አለ ማለት ነው?»

«በስፓኒሽ ጠይቂኝና እነግርሻለሁ።»

«ሹራብሽ ቀረፋ ቀረፋ ይሸታል፤ እኔ እንዲያው እሱን ብቀምሰው ይሻለኛል።»

ሁለተኛውን በሰባ ሁለት አለፍኩ። ዴል በኮሪደሩ አግኝቶኝ «እንኳን ደስ ያለዎት! አሁን ሰላምታ ይችላሉ፣ ምግብ ማዘዝ ይችላሉ፤ አይበቃም እትዬ አርዲስ?» አለኝ። ለምግብ ማዘዝ አይደለም የገባሁት አልኩት። ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ሽርጤን ማሰር ያዝኩ። ፊቴን አየና ሦስተኛውንም ፈቀደ። ያ ልጅ ቺሊውን በከንቱ አልበላም።

ሦስተኛው ደረጃ ሌላ ጉድ ነው። እዚያ ስለ ሹራብ አያወሩም። ትላንት ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ፣ ምነው ባልሆነ ኖሮ፤ ይህን ሁሉ መናገር ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ የምፈልገው ይኸው ነበር፤ ያለ እሱ ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ አይችልም። እንጀራዬ ወጥ ቤት ነውና ቃላቱን በካርቶን ጽፌ ከምድጃው በላይ ለጠፍኳቸው። ረዳቶቼ «አርዲስ ድግምት ጀመረች» ይላሉ። ይበሉ።

የዓመቱ የንግግር ፈተና የዛሬ አሥር ቀን ነበር። ሁለት ሁለት ሆነን በክፍሉ ፊት ቆመን አምስት ደቂቃ እንነጋገራለን። ለእኔና ለብሪን የደረሰን ርዕስ እንዲህ ይላል፦ አንዷ የሌላዋን ካፖርት ተውሳ ጠፍቶባታል፤ ይቅርታ ትጠይቅ። የጣልኩት እኔ ነኝ፤ ብሪን «ምንም አይደለም» ብላ ይቅር ትለኛለች። ሳምንት ሙሉ ተለማመድነው። «አውቶቡስ ላይ ረሳሁት» የምለውን ሁሉ አጥንቼዋለሁ።

ተነሳን። አሥራ ሰባት ልጆች ያዩናል። «ማሪሴላ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» ብዬ ጀመርኩ። ቀጥሎ ካፖርቱ ነው የሚመጣው። ካፖርቱ አልመጣም።

«ማሪሴላ፣ ቤቴ መጥተሽ ነበር» አልኳት። «ለልጅሽ ትዘፍኚ ነበር። ምን እንደምትዪ ስላልገባኝ ፈራሁሽ። ልጄን የምትወስጂብኝ መሰለኝ። በሰው ፊት አዋረድኩሽ። አንቺ ሕፃን ታቅፈሽ ብርድ ላይ መኪና ውስጥ ተቀመጥሽ። እኔ በመስኮት እያየሁሽ የዱባ ኬክ ቆረስኩ። ለሁሉም አደልኩ። በሩን ልከፍትልሽ እችል ነበር፤ አልከፈትኩም።»

ኬክ መቁረሴን አታውቅም ነበር። አንተ ፎቅ ላይ ሻንጣ ትሸክፍ ነበር። ይህን ለማንም ሰው ነግሬ አላውቅም፤ ለቄሳችን ለአባ ዊንስሎ እንኳ በንስሐ አልነገርኩም። በስፓኒሽ ነው መጀመሪያ ከአፌ የወጣው።

ብሪን ወረቀቷን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ብልህ ልጅ ናት፤ ካፖርት እንዳልሆነ ገብቷታል። «ምንም አይደለም» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ያጠናችው ያንን ቃል ብቻ ነበር። ወረቀቱን አጠፈችው።

«ምንም አይደለም አልልሽም፣ ኮንሱዌሎ» አለችኝ። «ልጄን እኮ በርዷት ነበር።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። በካርቶኖቼ ላይ ለዚህ የሚሆን አንድም ቃል አልጻፍኩም። «አውቃለሁ» አልኩ። «አውቃለሁ፣ ማሪሴላ።» እንባዬ መጣ፤ በቆምኩበት አለቀስኩ፤ ልጆቹም ከጫማቸው ዐይናቸውን አላነሱም። ሴኞራ ኡልሪክ ሰዓቷን ማየት ረስታ አምስቱ ደቂቃ አልፎ ኖሯል።

ሰማንያ አራት ሰጠችኝ። ከርዕሱ በመውጣትሽ አምስት ተቀንሷል ብላ በስፓኒሽ በቀይ ጽፋለች። ደግ አደረገች፤ ወጥቻለሁ። ከታች ግን በትንሹ «የምትነጋገሪበት ቀን ደርሷል» የሚል ጨምራበታለች።

ብሪን በኮሪደሩ ሮጣ ደረሰችብኝ። አሁን በእንግሊዝኛ ነው፣ እርስዎ ተመልሷል። «እትዬ አርዲስ፣ አበዛሁት እንዴ? ከአፌ አመለጠኝ።»

«አላበዛሽም የኔ ልጅ። ምንም አይደለም ብትዪኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኩት በከንቱ ነበር» አልኳት። አቀፈችኝ። ለማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ኬንት፣ ኢኳዶር በገባችሁ በሁለተኛው ወር ደውለህ «እማዬ፣ የምትይውን ለእኔ ንገሪኝ፤ አስተረጉምላታለሁ» ብለኸኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ትዕቢት መስሎህ ዘጋህብኝ። ትዕቢትም ነበረበት፤ አልዋሽህም። ግን በገዛ አፌ ያዋረድኳትን ሴት በልጄ አፍ ይቅርታ መጠየቅ አስጠላኝ። አንተ ደግሞ ልጄ ነህና ታለሳልስልኝ ነበር። «እማዬ እንዲህ ለማለት ፈልጋ ነው» ትላት ነበር። እኔ ለማለት የፈለግኩትን ነው ያልኩት፤ በደሌም ይኸው ነው።

እንግዲህ ስማኝ። ይህ ደብዳቤ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። ቅዳሜ ጁን 22 ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት የቤታችሁን ስልክ እደውላለሁ፤ በበጋ ሰዓታችን አንድ ነው። አንተ እንዳታነሳው። የምደውለው እኔ እንደሆንኩና ለምን እንደሆነ አስቀድመህ ንገራት፤ ሳታውቅ እንዳላስደነግጣት። ማንሳት ካልፈለገች አታነሳም፤ አታባብላት፣ ስለ እኔም አታማልድ። ካነሳች ኖኤሚን ይዘህ ውጣ። ቃል ጠፍቶኝ ስንተባተብ ብትሰማ በሩ ላይ ቆመህ እንዳትረዳኝ፤ ልንተባተብ። ኬኩንም እነግራታለሁ። ምንም አይደለም እንድትለኝ አልፈልግም። የፈለገችውን ያህል ትናገረኝ፤ ቀስ ካለችልኝ ይገባኛል፤ ካልገባኝ ድገሚልኝ እላታለሁ፤ እሱን አሳምሬ እችላለሁ።

ብትዘጋብኝ አትቆጣት። መብቷ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እደውላለሁ፤ በሚቀጥለውም። በኦገስት ደግሞ አራተኛው ደረጃ ይጀመራል። ዴል ገና ሳልጠይቀው ስሜን ጽፎ ጠበቀኝ።

ናፍቀኸኛል ልጄ። በአራቱ ደቂቃ ውስጥ አንድም ቀን ብዬህ አላውቅም፤ አንተም ጊዜ አልሰጠኸኝም፤ እኔም አልጠየቅኩህም። እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅ፤ ጤና ይስጣችሁ፤ የኖኤሚን ጥርስ በደህና ያውልቅላት። አንተን እስማለሁ፤ ኖኤሚን ግንባሯን ሳምልኝ። ማሪሴላን ሰላም በልልኝ አልልህም። እሱን እኔው እላታለሁ።

እናትህ
አርዲስ ኩቼራ