በሰንበት የነደደች ሻማ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 1950 ዓ.ም.

አሥራ ሰባቱም ጻፉ! የዕብራይስጥ ፊደል፣ ከአሌፍ እስከ ዳሌት፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አንድም ሳይሳሳት። እሺ፣ ሁለቱ ተሳስተዋል። ግን ከወር በፊት ጠመኔ ነክተው የማያውቁ ልጆች ናቸው! እኔ እስራኤል ሀገር ሁለት ዓመት የለፋሁበትን እነዚህ ከወረታ ገበያ ወዲህ፣ በሣር ጎጆ ተቀምጠው በአየር ላይ ይቀልቡታል። ታደለች ሁሉንም ትቀድማለች። ስምንት ዓመቷ ነው፤ የቀጥቃጩ የአያ ፈንታ ልጅ ናት። አንዴ የሰማችው አያመልጣትም።

ስጋቴ ሽማግሌዎቹ ናቸው። ቤተ እስራኤል ከጥንት የሚጸልየው በግዕዝ ነው። የመንደራችን ቄስ አድማሱ ትምህርት ቤቱን የፈቀዱልኝም «እስኪ እንየው» ብለው ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ዛሬ ስለ በዓላት። ፋሲካን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የመብራቱን በዓል ሐኑካን ግን ሰምተውት አያውቁም፤ አባቶቻችን ለምን አልነገሩንም ብለው አፋጠጡኝ። እኛ ከሌሎቹ አይሁድ ከተለየን በኋላ የመጣ በዓል ነው አልኩና አመለጥኩ።

ከዚያ ሰንበት። ከወረታ የገዛኋቸውን ሁለት ሻማዎች አሳየኋቸው። እስራኤል ሀገር እናቶች ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዴት እንደሚያበሩና እንደሚባርኩ ነገርኳቸው። እስከ ቀትር የሻማውንም የዳቦውንም ቡራኬ በቃላቸው ያዙት! ታደለች አንዷን ሻማ ለመነችኝ። በደስታ ሰጠኋት። ዛሬ እኔን የሚያህል አስተማሪ የለም።

እሑድ፣ የካቲት 9

ትናንት ሰንበት ስለሆነ አልጻፍኩም። ዛሬ ጉዴን ልጻፈው።

የመጡት አራት ልጆች ብቻ ናቸው።

ዓርብ ማታ አያ ፈንታ እንደ ወትሮው የወናፉን እሳት አጥፍተዋል፤ ሚስታቸውም ምድጃውን። በሰንበት በቤታችን እሳት አይኖርም፤ ቀዝቃዛ በልተን በጨለማ እንቀመጣለን። እኔ በዚህ ያደግሁ ሰው! ሁለት ዓመት ሄጄ ብመጣ ረሳሁት። ታደለች ምድጃው ሳይጠፋ ሻማዋን ለኩሳ፣ ነፋስ እንዳያጠፋባት ከጎታው ኋላ አስቀምጣ ባርካለች። ወላጆቿ ያዩት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ማጥፋትም በሰንበት ክልክል ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ቤቱን ለሻማዋ ትቶ ጎረቤት አደረ። የሣር ቤት! እግዚአብሔር ጠብቆት አልተቃጠለም። ወሬው መንደሩን ሲያዳርስ ወላጆች ልጆቻቸውን አስቀሩ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

አያ ፈንታ ዘንድ ሄድኩ። ቀና ብለው አላዩኝም። ማረሻውን እየቀጠቀጡ፣ «ልጄን ሰጠሁህ፤ አንተ ሰንበቴን ወሰድክብኝ» አሉ።

ከዚያ ቄስ አድማሱ ዘንድ። እዚያ ሀገር በእርግጥ ሻማው በሰንበት ይነድዳል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ ቀድሞ ይበራል፣ ከዚያ አይነካም አልኩ።

«እነሱ የአባቶቻቸውን ይያዙ» አሉ። «አንተ ግን ልጄ፣ ስታስተምር የአባትህን ቤት ረሳህ።»

ፍርዳቸው ይህ ነው፦ ዓርብ እሳቸውም ባሉበት አያ ፈንታን ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ፣ ሰንበትን እዚያው ልዋል። አያ ፈንታ ይቅር ካሉ ትምህርት ቤቱ ይቀጥላል። ካላሉ ይዘጋል።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው፤ ቶሎ ልጻፍ። ሳምንቱን ሙሉ አራት ልጆች ብቻ። ገላዬን ወንዝ ወርጄ ታጠብኩ። ነጭ ልብስ፣ አለ። ክብሪት ኪሴ ውስጥ እንዳይቀር ሁለቴ ፈተሽኩ። የይቅርታውን ቃል አሥር ጊዜ አዘጋጅቼ አሥር ጊዜ ረሳሁት። ፈርቻለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 16

ምን ብዬ ልጀምር! ይቅርታ ጠየቅሁ፤ አያ ፈንታ መደቡን በእጃቸው አሳዩኝ እንጂ ይቅር አላሉም። ጨለመ። ቄሱ ዳቦውን በግዕዝ ባረኩ። ድንገት ታደለች ማንም ሳይጠይቃት የዳቦውን ቡራኬ በዕብራይስጥ ጀመረች። አለቀልን አልኩ። ጨረሰች። የማንም ፊት አይታይም።

«እስኪ ድገሚው» አሉ አያ ፈንታ። «ቀስ እያልሽ።»

አንድ አንድ ቃል እየለየች ደገመችው። ያ ጢስ ያጎረነነው ድምፃቸው ቃል በቃል ተከተላት፤ ሁለት ቦታ ሲሳሳቱ አረመቻቸው። ቄሱ ሳቁ። እኔ አለቀስኩ፤ ደግነቱ ጨለማ ነው። ከበላን በኋላ አያ ፈንታ፣ «በል እሑድ ትመጣለች» አሉኝ።

ዛሬ አሥራ አምስት መጡ። ሁለቱ ገና ናቸው፤ ወላጆቻቸውን ነገ አነጋግራለሁ። ታደለችን አባቷ ራሳቸው አምጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ግቡ ብላቸው ሥራ አለብኝ አሉ። ትምህርቱን ጀመርኩ፤ እስከ ቀትር እዚያው ቆመው ነበር።